የሴቶቹ መስመር

ሰኔ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስብሰባ ነበር። ስብሰባው ከግማሽ ገጽ በላይ ስላላስጻፈኝ የቀረውን ለራሴ ወስጄዋለሁ። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሰነባብቷል፤ ጣሪያ ከማየት መጻፍ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ድንገተኛ ክፍል መጥታ ነበር። ያቅለሸልሻታል፣ ጀርባዋን መሃል ላይ ይጫናታል፣ ደክሟታል። ደሟ ወደ እኛ ላቦራቶሪ ወጣና ትሮፖኒን ተሠራላት። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው። ውጤቷ «ኖርማል» ተብሎ ወጣ፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ቤቷ ገባች። ብዙም ሳትቆይ በቃሬዛ ተመለሰች። ነፍሷ ተርፏል። ልቧ ግን የድሮው ልብ አይደለም።

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ከዚያ ካለፈ ልብ ተጎድቷል የምንልበት አንድ መስመር ነው ለወንድም ለሴትም የምንጠቀመው፤ መመሪያው ደግሞ የሴት መስመር ዝቅ እንዲል ያዛል። የእሷ ቁጥር ከሴቶቹ መስመር በላይ፣ ከእኛ መስመር በታች ነበር። በዚያች ክፍተት ሾልካ ወደቀች።

ዋና ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ «ገምጋሚዎች ክረምቱ ሳይወጣ ይመጣሉ። ላቦራቶሪው እንደ መመሪያው ይሂድ። የላቦራቶሪው ኃላፊ እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ለሴትና ለወንድ የተለያየ መስመር። ከመጀመሪያው ደም ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሁለተኛ ደም። ውጤት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ሲናገሩት እንዴት ይቀላል!

የሴትየዋ ባል ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ አየሁት። «ኖርማል ይላል እኮ» ይላል ለሚያልፈው ሁሉ። እኔንም አለኝ። «አዎ፣ ይላል» ብዬው አለፍኩ። ምን ነበረበት ቆም ብል?

ሰኔ 5

ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ምድር ቤት።

ከድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተጣላን። ድምፁ ከሰውየው ቀድሞ ስለሚደርስ ዶክተሩን ሁሉም በሌለበት «ነጎድጓድ» ይለዋል።

«እመቤቴ፣ እርስዎ መስመሩን ባወረዱት ቁጥር የእኔን ኮሪደር ሰው ይሞላዋል! ኩላሊቱ የደከመው፣ ሳንባው የታመመው፣ ሁሉም ትሮፖኒኑ ከፍ ይላል። አልጋ ከየት ላምጣ? ከላይ ትወረውሩልኛላችሁ?»

«ሰው ቤቱ ሄዶ ከሚሞት ኮሪደር ቢሞላ ይሻላል» አልኩት።

«ኮሪደር ላይም ይሞታል እኮ።»

ያናደደኝ መጮሁ አይደለም፤ እውነት መናገሩ ነው። ወደ ላይ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ መንጋጋዬን ጠዘጠዘኝ። ያቺ ሰሞኑን የምታስቸግረኝ የግራ ጥርስ ናት። ንዴት ጥርስ ሳይነካ አይቀርም።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ልጄ ለትምህርት ርቃ ከሄደች ወዲህ ቤቱ የእኔና የአባዬ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ልቡ ሲያስቸግረው እኔ ጋ ገባ። ክኒኑን እቆጥርለታለሁ፣ እግሩ ማበጥ አለማበጡን በጣቴ እየተጫንኩ አያለሁ። ዛሬ ክኒኑን ምላሱ ሥር ሸሽጎ ሊተፋ ሲል ያዝኩት።

«ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፤ አልውጥም የማለት መብት የለኝም?»

«የለህም።»

«አንቺ ወታደር ነሽ እንጂ ልጅ አይደለሽም።»

ታናሽ እህቴ ሳቋ መጣ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው ስታይ በዓይኗ ትለካለች። ወደ እኔ ዞራ «ቀሚሱ ሰፍቶሻል። ፊትሽም አመድ መስሏል» አለችኝ።

«ሥራ ነው።»

«ሥራ ያከሳል እንጂ አመድ አያስመስልም።»

አባዬም ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩን ወደ እሷ ትዳር አዞርኩት፤ ወዲያው ተረሳሁ።

ሰኔ 12

«በአንድ ሰዓት ውስጥ» የሚለውን ለማየት ታች ወረድኩ። እኛ የምንቆጥረው የደሙ ቲዩብ መስኮታችን ከደረሰ ጀምሮ ነው። ለታማሚው ግን ሰዓቱ የሚጀምረው መርፌው ሲገባ ነው። አንዱን ቲዩብ በዓይኔ ተከተልኩት። ከክንድ ወጣ፤ ስም ተለጠፈበት፤ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ። ኧረ ተቀመጠ! ተላላኪው ትሪው እስኪሞላ ይጠብቃል።

«አንድ ቲዩብ ይዤ ሦስት ፎቅ ልውጣ እንዴ? ጉልበቴ የኪራይ አይደለም» አለኝ።

ራሴ ይዤው ወጣሁ፤ ምን ያህል እንደሚፈጅ ልይ ብዬ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ መቆም ግድ ሆነብኝ። ጥርሴ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ «ቀስ በቀስ» ሲወርድ አገኘኝ። ቀስ በቀስ የምንለው የረጅም ጊዜ የሥራ ጓደኛዬን ነው። አረማመዱ አይቸኩል፣ አነጋገሩ አይቸኩል፤ ስህተቱም አይቸኩልም፣ ይኸው እስካሁን አልደረሰም።

«ምን ሆነሽ ነው ግድግዳ የያዝሽው?»

«ጥርሴን ነው።»

«ጥርስ... ግድግዳ... ያስይዛል?»

«ያንተ ታሞ ስለማያውቅ ነው።»

ቲዩቡን ከእጄ ተቀብሎ ተመልሶ ወጣ። እኔ ቆይቼ ተከተልኩት። የለካሁት ጊዜ ዋጋ የለውም፤ በሌላ ሰው እንደገና ይለካ።

ሰኔ 13

ጮህኩ። ዛሬ በጣም ጮህኩ። የላቦራቶሪያችን ታናሿ ቴክኖሎጂስት ቀይ የሆነ ናሙና ተቀብላ ልትሠራ ስትል ደረስኩ። ደም በኃይል ሲሳብ ወይም ሲናጥ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ ፈሳሹ ይቀላል፣ ውጤቱ ይበላሻል። ይህን ታውቃለች። «ዓይን የለሽም?» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይቅርታ ልጠይቃት ስልኬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ።

ሰኔ 15

ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በዘንጉ ጫፍ መታ መታ አደረገ፣ ቀዝቃዛ አስነካኝ፣ ራጅ አነሳኝ።

«ጥርስሽ እንደ ድንጋይ ነው» አለ። «መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?»

«ደረጃ ስወጣ።»

መብራቱን ከፊቴ ላይ ዞር አደረገ። «እህቴ፣ ጥርስ ደረጃ አያውቅም እኮ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ብታማክሪ ይሻላል።»

ገና ልጅ ነው። ሌላ ጥርስ ሐኪም እፈልጋለሁ።

ሰኔ 19

ለድንገተኛ ክፍል ነርሶች የምትሰጥ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ነገር ጻፍኩ ማለት አልወድም፤ ይቺ ግን ጥሩ ናት። ሴት ሁልጊዜ ደረቷን ጨብጣ አትመጣም። መንጋጋዋን ትላለች፣ ጀርባዋን፣ ትከሻዋን። ያቅለሸልሻታል፣ ያልባታል፣ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ይደክማታል። መጨረሻ ላይ «ሥራ በዝቶብኝ ነው ብትላችሁ አትመኗት» ብዬ ጨመርኩ። ነጎድጓድ እንኳ «ጥሩ ተጽፏል» ብሎ መልእክት ላከ። ከእሱ ይህ ዘፈን ነው።

ጽፌ ስጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ዕድሜ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ሴት ይሞቃታል፣ ይበርዳታል። መስኮት ከፈትኩ፣ ዝናብ ገባ። ዘጋሁ። ከፈትኩ።

ሰኔ 21

ታናሿን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ረስቼዋለሁ» አለች። አልረሳችም። ግን ዛሬ ሁለት ቀይ ናሙና ከመስኮት መለሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

አባዬን ሐኪም ቀጠሮው ላይ ማድረስ ነበረብኝ። ስብሰባ ላይ ሆኜ አለፈኝ! ስደውልለት «ምን አለበት፣ ልቤ የትም አይሄድም» አለኝ። ለሰው ልብ ተጨንቄ የአባቴን ልብ ረሳሁት። ለሚቀጥለው ሳምንት አስያዝኩለት። መኝታ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ማቀዝቀዣው ላይም ለጠፍኩ።

ሰኔ 26

ዛሬ አንድ ነገር ተፈታ። ነጎድጓድ ጋ ወረድኩ፤ ከቀስ በቀስ ጋር ነው የወረድነው፣ እንዳልጮህ። ሰውየው ምሳውን እየበላ ነበር።

«ዶክተር፣ የፈሩት እኮ አንዱን ቁጥር ነው» አልኩት። «የኩላሊት ታማሚው ቁጥር ዛሬም ከፍ ያለ ነው፣ ከሦስት ሰዓት በኋላም እዚያው ነው። እየተጎዳ ያለ ልብ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቁጥሩ ይወጣል። ሁለተኛው ደም ነው የሚለያቸው።»

ማኘኩን አቆመ። «እና ሦስቱን ሰዓት የት ላቆያቸው?»

ቀስ በቀስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለታችንም ጠበቅነው። «የሁሉም ሰው ሕመም... አልጋ አይፈልግም። ያ የተዘጋው የፊዚዮቴራፒ ክፍል... ወንበር ይገባበታል። አንድ ነርስ ዓይኗን ካልነቀለች...»

«ወንበር!» አለ ነጎድጓድ። «አልጋ እያሰብኩ ዓመት ሙሉ ተቃጠልኩ እኮ!» ከዚያ ስህተት አገኘብን። ሌሊት የሚመጣው ሰው ሁለተኛ ደሙን ማን ያስታውሰዋል? የእኔ ዕቅድ ተረኛው ላይ ጥሎታል፤ ተረኛው ደግሞ አንድ ለሁሉ ነው። ትክክል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ማንቂያ እንዲገባ ተስማማን።

ስወጣ ልቤ ደስ ብሎታል። ደረጃው ግን ደረጃ ነው።

ሐምሌ 1

አዲሶቹን መስመሮች ከመጠቀማችን በፊት በጤነኛ ሰው ደም ማረጋገጥ አለብን፤ መመሪያው ያዛል። ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ሃያ ወንድ፣ ሃያ ሴት። ወንዶቹ ቶሎ ሞሉ። ሴቶቹ ጋ አንዲት ጎደለች። ጊዜ የለም፤ የገምጋሚዎቹ መምጫ ደርሷል። እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ደም የምትወስደው ሲስተር «እርስዎም?» ብላ ሳቀች። ከጽዳት ኃላፊዋ ቀጥዬ መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ። ቲዩቡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይለጠፍም፤ ማን ምን እንደሆነ የምታውቀው ሲስተሯ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ግን ጥያቄዎቹን ጠየቀችኝ፤ ጤነኛ የሚባለው ሰው የሚመልሳቸውን።

«የደረት ሕመም?»

«የለም።»

«ሲሠሩ፣ ደረጃ ሲወጡ የትንፋሽ ማጠር?»

«የለም።» ደረጃው ማንን አያስተነፍስም? ሊፍቱን ይሥሩ።

«የልብ በሽታ በቤተሰብ?»

«አባቴ። ግን እሱ ሽማግሌ ነው።»

እስክሪብቶዋን አንስታ ትንሽ አየችኝና ጻፈች።

ሐምሌ 3

ወንዶቹ ሁሉ ከወንዶቹ መስመር በታች። ሴቶቹም ከሴቶቹ በታች። ከአንዷ በቀር። ቁጥር ሃያ። ከሴቶቹ መስመር በላይ፣ ከድሮው መስመር በታች።

ቀስ በቀስ ወረቀቱን አይቶ «ሴትየዋን... እንጥራት» አለ።

«ጤነኛ ሰው አስደንግጠን? መጀመሪያ ናሙናውን እንመርምር።»

የረጋ ደም ቁራጭ ገብቶበት ይሆናል። መሣሪያው እንዲህ ይሳሳታል።

ሐምሌ 4

እንደገና በማሽን አሽከረከርነው፣ እንደገና ሠራነው። ያው።

መቆጣጠሪያ ናሙናዎቹ ልክ ናቸው። የቁጥር አሥራ ዘጠኝን ደገምኩ፤ ልክ ነው። የቁጥር ሃያን ከሌላ እሽግ በወጣ ኬሚካል ሠራሁ። ያው።

አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ መሣሪያውን የሚያታልል ነገር አለ። እሱ ይሆናል። እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል።

ቁጥሮቹ በተራ ይሰጡ አይሰጡ አላውቅም። ሲስተሯን አልጠየቅኳትም።

ሐምሌ 5

የሚያታልል ነገር ካለ ናሙናው ሲቀጥን ቁጥሩ ይዘበራረቃል። አቀጠንኩት። አልተዘበራረቀም። ግማሹ ግማሽ፣ ሩቡ ሩብ፤ ቀጥ ያለ መስመር።

«ከስሌቱ እናውጣት» አልኩ። «አንዷ ናት። በአሥራ ዘጠኝም ይሆናል።»

ቀስ በቀስ መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ሲያደርግ አልወድም። «አውጥተን... ከዚያስ? ሴትየዋ እኮ የሆነ ቦታ... እየሄደች ነው።»

«ምናልባት ሮጣ መጥታ ይሆናል።»

«አንቺ ባትሆኚ ኖሮ... ይህን የሚለኝን ሰው አንቺው ትገድዪው ነበር።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። ሰኞ እናየዋለን። ሰኞ። ቅዳሜና እሑድ ልረፍ።

ሐምሌ 6

አላረፍኩም። ልብስ አጠብኩ፣ መደርደሪያ አስተካከልኩ፣ አባዬን ፀጉሩን ቆረጥኩት። ሥራ ስፈታ የሆነ ነገር ያባርረኛል። እህቴ ስትመጣ «ቁጭ በይ፣ አዞርሽኝ እኮ» አለች። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ።

አባዬ ፀጉሩን እያራገፈ «እናትሽም እንዲህ ነበረች» አለ። «ሲያማት ነበር ቤት የምታገላብጠው።»

«አላመመኝም።»

«አመመሽ አልኩሽ?»

ሐምሌ 8

ከአልጋ ላይ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ሌላኛው እጄ ላይ መርፌ አለ።

ቀስ በቀስ ጠዋት ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። «ሲስተሯን ጠየቅኳት» አለኝ። ቆም፣ ቆም ሳይል ነው የተናገረው፤ መጀመሪያ የደነገጥኩት በእሱ ነው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«መመሪያው። ቁጥር ሃያ አንቺ ነሽ።»

«ስብሰባ አለኝ» አልኩት። ብዙ ዓመት ተምሬ፣ ብዙ ዓመት ሠርቼ፣ የመጣልኝ ቃል ይኸው ነው።

«ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ግን ቁጭ ብለሽ ተቆጪኝ።» ጋውኔን ከትከሻዬ እንደ ልጅ አወለቀልኝ። ከዚያ ያ ሰውዬ ሮጠ። ቀስ በቀስ፣ ሮጠ! ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ ተሽከርካሪ ወንበርና ሁለት ተላላኪ ይዞ መጣ። ከነወንበሬ ተሸክመው ሲያወርዱኝ፣ አንደኛው ያ ጉልበቱ የኪራይ ያልሆነው ነበር። «ምን አደከመዎት፣ አንድ ጊዜ ቢጠሩን ምን ነበረበት?» እያለ ይነጫነጭብኛል። ሠራተኛው ሁሉ ከየበሩ አንገቱን አውጥቷል። ጋውን ለብሼ በወንበር ስወርድ ታየሁ ብዬ አፈርኩ። ጋውኑን እኮ ቢሮዬ ውስጥ ትቼዋለሁ።

ነጎድጓድ አልጮኸም። አጠገቤ ተቀምጦ «መቼ ነው የጀመረሽ?» አለኝ። እስከ ትናንት «እርስዎ» ነበርኩ። አንቺ አለኝ፤ አልተቃወምኩም።

«ምኑ?»

«ጥርስሽ» አለ። ቀስ በቀስ ነግሮታል።

የልቤን ምት የሚስለው ኢሲጂ ብዙ አይናገርም። የመጀመሪያው ደም ከቁጥር ሃያ ውጤት ትንሽ ከፍ ብሎ መጣ፤ አሁንም ግን ከድሮው መስመር በታች። «ይኸው፣ ትንሽ ነው፤ ቤቴ ሄጄ ልረፍ» አልኩት።

«ሁለተኛው ደም ሳይወሰድ ከዚህ ማንም አይወጣም። ያጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

ጠበቅን። ነርሷ ያንን የእኔን አንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ ከአልጋው ትይዩ። ሌላ የማየው ስለሌለ ደጋግሜ አነበብኩት። ማን ጻፈው?

ሁለተኛውን ደም የሠራችው ታናሿ ናት። ውጤቱን በስልክ አልነገረችም፤ ራሷ ይዛ ወረደች። ፊቷን አይቼ ወረቀቱን ሳልቀበል ገባኝ። ወጥቷል። በደንብ ወጥቷል።

አሁን መኪና እየጠበቅን ነው፤ ወደ ልብ ሐኪሞቹ። ክኒን ሰጥተውኛል። የአባዬን ክኒን ዛሬ ማን...

ሐምሌ 9

በእጄ አንጓ በኩል ገብተው ጠቦ የነበረውን የልቤን ደም ሥር ከፈቱት። ትንሽ የብረት ወንፊት የመሰለ ቱቦ ትተውበታል። ነቅቼ እያለሁ ነው የሠሩልኝ። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነበር» አለች፤ ቀጭን እንደ ክር። «አንድ ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ...» ብላ ተወችው።

እህት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። እንድትመረመር አለች። እህቴ በር ላይ ቆማ መርፌ እንደዋጠች ሆናለች።

እንቅልፍ።

ሐምሌ 15

ቤት። እህቴ እኔ ጋ ገብታለች፤ የስፌት መኪናዋን ሳይቀር ይዛ። እሷ ተመርምራ ደህና ናት። «ተመስገን፣ እኔ አስተዋይዋ ነኝ» እያለች ክኒኔን ትቆጥርልኛለች። ክኒን ሲቆጠርልሽ እንዴት ያናድዳል!

አባዬ እስካሁን ስለ ልቤ አንድ ቃል አልተናገረም። ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሳልፍ በዓይኑ ይከተለኛል።

ሐምሌ 24

አዲሱ አሠራር ዛሬ ያለእኔ ተጀመረ። ስልኬን ስነካካ እህቴ ቀማችኝ። ከሰዓት ነጎድጓድ ደውሎ፣ ድምፁን ከሌላው ክፍል ሰማነው።

«ንገሪያት! የእሷ ሰዎች ውጤቴን አዘግይተውብኛል! በመጀመሪያው ቀን!»

እህቴ «ታማለች እኮ ዶክተር» ትለዋለች።

«አውቃለሁ፣ ያከምኳት እኔ ነኝ! ለዚያም ነው የምነግራት፣ ካልተናደደች አትድንም!»

ስቄ አልጋውን ስመታ የእጄ አንጓ ላይ ያለው ቁስል አመመኝ።

ነሐሴ 10

ለግማሽ ቀን ሥራ ገባሁ። ገምጋሚዎቹ ባለፈው ሳምንት መጥተው ሄደዋል። አመስግነዋል፤ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛው ደም እንደሚዘገይ ጽፈዋል። እውነት ነው። ሰኞ ማስተካከል እንጀምራለን።

ደረጃውን በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ፤ ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም ያውቃል።

ከረፋዱ ላይ የአንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ደም ወጣ። መጋጠሚያዋን ሁሉ ድካም ይዟታል፣ ትከሻዋን ይላታል፤ መሪ ስለማዞር ነው ብላለች። የመጀመሪያው ቁጥር ከሴቶቹ መስመር ብቅ ያለ ነበር፣ እንደ ተራራ ጫፍ ሳይሆን እንደ ሣር። ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፤ ተረኛ ነኝ እያለች ስትጨቃጨቅ ሦስት ሰዓቱ ሞላ። ሁለተኛው ቁጥር ከፍ አለ፤ ወደ ልብ ሐኪሞቹ ይዘዋት ሄዱ። ነጎድጓድ ደውሎ «ያዝናት» ብቻ አለና ዘጋ። ታናሿ መሣሪያው አጠገብ ቆማ ቁጥሩን ደግማ ደግማ ታየዋለች። ቀስ በቀስ መጣ። ወንበር ስቦ አጠገቤ አደረገልኝ።

ቤት ስገባ አባዬ በረንዳ ላይ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ሰው ጃንጥላውን አጥፎ ያልፋል። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፦

«ሌላ የማወርስሽ አጥቼ ነው?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ጉልበቱን ያዝ አደረግኩት። «መኪናውን ብታወርሰኝ ይሻል ነበር።»

«ሸጥኩት እኮ።» ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። አባዬ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ዛሬም አላየሁም፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር። «ያን ዕለት በወንበር ሲያወርዱሽ... ፈርተሽ ነበር?»

«አልፈራሁም» አልኩት።

ዋሸሁት። ከሰኔ ጀምሮ ፈርቼ ነበር። ግድግዳውን ስይዝ ፈርቼ ነበር። ቁጥር ሃያን ስደጋግም፣ ስደጋግም፣ የማን እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት።

ሬዲዮው አሁንም ይሰማኛል፤ አባዬ አልተኛም። ሄጄ እነግረዋለሁ።